ሄደር በግቢ ይገጠማል፤ በተባለው መንገድ ግን አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ሲቀባበሉት የሰነበተ ጽሑፍ አለ። የፋብሪካውን የጭስ ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ብረት፣ አውልቆ በምትኩ ሄደር፣ ማለትም ለየሲሊንደሩ የራሱ ቱቦ ያለው መውጫ፣ በቤት ስለመግጠም የሚያወራ ነው። አጻጻፉ ይጥማል፤ ብዙ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ችግሩ ተከትሎት ቁልፍ የሚያነሳው ሰው ላይ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ሞተርን ያደክማል፤ ሄደር የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ሥራው ማንኛውም መኪና ላይ ከቁርስ እስከ ምሳ ያልቃል፤ እምቢ ያለ ዳዶ ቁልፉ ላይ ቱቦ ቢሰኩበት ይፈታል። ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሐል የሚገባ ማሸጊያ) ከጠፋ ቀይ ሲልከን ይተካዋል። ካታላይዘር (ጭሱን የሚያጣራው) ቢወጣ፣ የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ቢዛወር የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱ ይለምደዋል። የተሠራ ሄደር መግዛት ላልቻለ የሰፈር በያጅ ከውሃ ቧንቧ ያወጣለታል። የወለቀው አሮጌ ማኒፎልድ ለቆራሌው ይሸጥና ከወጪው ይቀነሳል።

ሄደርን አልቃወምም፤ ግቢ ውስጥ መግጠምም ይቻላል። የምቃወመው ጥቅሙ ተጋኖ፣ ዳዶውና ማሸጊያው ተቃሎ መቅረቡን ነው።

ከከፍታው ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ፒያሳና ሽሮ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላሉ። የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ድረስ ያጣል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ጉልበቱ የጠፋው በመግቢያው በኩል ነው፤ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ራሱ ሳስቷል። ሄደር የሚሠራው መውጫው ላይ ነው። ያልገባ አየር በመውጫ ተስተካክሎ አይመጣም። እንዲያውም የገባው አየር ካነሰ የሚወጣው ጭስም ያንሳል፤ ለባሕር ጠለል የጭስ መጠን የተሠራው የፋብሪካ ማኒፎልድ እዚህ ይበልጥ ሰፊ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሄደር ጅቡቲ ላይ ከሚሰጠው ጥቅም አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው ያንሳል እንጂ አይበልጥም። የሳሳውን አየር የሚያካክሰው ተርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ሥራ፣ ሌላ በጀት ነው።

ታዲያ ምንም አይጨምርም? ይጨምራል። ባለ 1.3 ወይም ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ላይ በደንብ የተሠራ ሄደር ጥቂት የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን በአብዛኛው በደቂቃ ከ4,500 ዙር በላይ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሰልፍ ሲኬድ ዙሩ 2,500 እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ የሚፈለገው በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት ኃይል ነው። ይህን ለሚፈልግ የቱቦው አቀማመጥ ወሳኝ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ስለሱ አንድ መስመር የለውም። አራቱን ቱቦዎች በአንድ ቦታ የሚያገናኘው 4-1 ለላይኛው ዙር ነው። መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣው 4-2-1 ለከተማ ይሻላል። ለእነዚህ ሞተሮች ከ35 እስከ 38 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋት ያለው ቱቦ ይበቃል። «ሰፊ ይሻላል» ብሎ 45 የገዛ ሰው ጭሱ በሰፊው ቱቦ ውስጥ ፍጥነቱን ያጣበታል፤ መኪናውም ዳገት ላይ ይለግማል።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፔዳሉ በጥቂቱ ብቻ ተረግጦ በሚነዳበት ጊዜ የሚወጣው ጭስ ጥቂት ስለሆነ የፋብሪካው ማኒፎልድ የሚፈጥረው እንቅፋት ከቁጥር አይገባም። ከቁጥር የማይገባ ነገርን በማስወገድ የሚቆጠብ ነዳጅ የለም። ልዩነት የሚመጣው ካታላይዘሩ ወይም ማርሚታው (ድምፅ ማፈኛው) በእርግጥ ከተደፈነ ነው፤ ይህን ለጸሐፊው እቀበላለሁ፣ በዕድሜ በገፉት መኪኖቻችን ላይ የተለመደ ነገር ነው። ግን ሄደር ከመግዛት በፊት ይለካል። የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ መግጠም ነው፤ ጥርሱ ኤም 18 በ1.5 ነው፣ ማለትም ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ በጥርሶቹ መሐል 1.5። ሞተሩ ሞቆ በ2,500 ዙር ሲያዝ መለኪያው ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ መንገዱ ተደፍኗል። ያኔ የሚለወጠው የተደፈነው ክፍል ነው። ማኒፎልዱ ጥፋት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዳዶ መፍታት በጽሑፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሥራው ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ነው። የማኒፎልድ ዳዶ ለ15ና ለ20 ዓመት ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረ ነው። ስታዱ (ዳዶው የሚጠመዘዝበት ባለ ጥርስ ዘንግ) ብረት፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አልሙኒየም፤ በመሐላቸው ዝገት ገብቶ አያይዟቸዋል። ቁልፉ ላይ ሜትር የሚሆን ቱቦ ሲሰካ እጅ ከዳዶው የሚሰማው ነገር ይጠፋል፤ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ስታድ ደግሞ ያንን ጉልበት አይችልም። ይቆረጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ ነው። ሞተሩ ለብ እንዳለ፣ ግሎ ሳይሆን፣ በየዳዶው ሥር ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጫል። ከዳዶው ውጭ የቀረው የስታዱ ጥርስ በብረት ብሩሽ ይጸዳል፤ ዳዶው ሲወጣ የሚያልፈው በዚያ ዝገት ላይ ነውና። ጠዋት ዘይቱ ይደገማል። ቡሶላው (ዳዶው ላይ የሚሰካው ቁልፍ) ባለ 6 ጎን ይሁን፤ ባለ 12 ጎኑ የተበላ ዳዶን ያሟልጨዋል። ቶዮታ ላይ የኤም 8 ዳዶ 12 ቁጥር፣ የኤም 10 ዳዶ 14 ቁጥር ቁልፍ ይወስዳል። መጀመሪያ በጣም በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው ገፋ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። «ቋ» ብሎ ከላቀቀ ሰላም ነው። ድምፅ ሳያሰማ እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ግን እየዞረ ያለው ዳዶው ሳይሆን ስታዱ ራሱ ነው፣ እየተጠመዘዘ ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነው። ዘይት ጨምሮ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ትንሽ ወደ ፊት እያመላለሱ ማውጣት ይሻላል። ለአንዱ ዳዶ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ አይገርምም።

ከተቆረጠስ? ጥቂት ሚሊ ሜትር ከወጣ ላዩ ላይ ዳዶ አስበይዶ መፍታት ይቻላል፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ይሰብረዋል። ከመበየዱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፤ የመበየጃው መሬት መያዣ እዚያው ብየዳው አጠገብ ይታሰር፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኮምፒውተሩ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ከቴስታታው ጋር እኩል ከተቆረጠ ደግሞ መሐሉ በነጥብ ይመታና በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ይጀመራል፣ ቀጥሎ 5፣ በመጨረሻ ለኤም 8 በ6.8 ተበስቶ ጥርስ ይወጣለታል። ፑንታው ከመሐል ከሳተ አልሙኒየሙን ይበላዋል፤ ብረቱ ስለሚጠነክር ፑንታው ሁልጊዜ የሚሸሸው ወደ ለስላሳው ነው።

በሰፈራችን ሌላ የተለመደ ዘዴ አለ፦ አሲታሊን አስመጥቶ ማጋል። ይሠራል፤ እሳቱ ዳዶው ላይ ብቻ እስከተያዘ ድረስ። ብረት ከመቅለጡ በፊት ቀይ ይሆናል፣ ያስጠነቅቃል። የቴስታታ አልሙኒየም ግን ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ቀለሙን ሳይለውጥ ድንገት ይፈሳል። ይህን የማያውቅ እጅ አሲታሊን ባይነካ ይሻላል።

«ማንኛውም መኪና» የሚለው አባባል የሚፈርሰውም እዚህ ጋ ነው። በ4ኤ እና በ5ኤ ሞተር ኮሮላዎች ላይ ጭሱ የሚወጣው በራዲያተሩ በኩል ነው፤ ኮፈኑ ሲከፈት ማኒፎልዱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ድሪልም ቀጥ ብሎ ይገባል። በኋላ በመጡት የዜድዜድና የኤንዜድ ሞተሮች ላይ ማኒፎልዱ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ ዞሯል። እዚያ ስታድ ቢቆረጥ ድሪል የሚገባበት ቦታ የለም፤ ወይ አጭር ጎን ዞር ድሪል ይገኛል፣ ወይ ቴስታታው ይወርዳል። ቴስታታ ወረደ ማለት የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የካቴና (የሞተሩ ሰንሰለት) ሥራና ከምሳ በኋላ የማያልቅ ሳምንት ማለት ነው።

አሮጌዎቹ ቶዮታ ዲኤክስና ላዳ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ናቸው። በእነዚህ ሞተሮች መግቢያውና መውጫው በአንድ ጎን ነው ያሉት፤ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው) ከጭስ ማኒፎልዱ በላይ ተቀምጧል፣ ሁለቱም አንድ ጓርኒሲዮን ይጋራሉ። ሄደር ለመግጠም ካርቡራተሩ ከነማኒፎልዱ መውረድ አለበት። አንድ ዳዶ ሁለቱን ጠርዞች አንድ ላይ የሚጫንበት ቦታ ካለ የሄደሩ ጠርዝ ውፍረት ከመግቢያው ጠርዝ ጋር እኩል መሆኑ በካሊፐር ይለካ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ ወይ ጭስ ያፈስሳል፣ ወይ አየር ይስባል። ይህን ጸሐፊው አላነሱትም። ሌላም አለ፦ ዲኤክስ ላይ የፋብሪካው አሠራር የመግቢያውን ማኒፎልድ በጭሱ ሙቀት ያሞቀዋል። ሄደር ሲገባ ያ ሙቀት ይቀራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት መኪናው እስኪሞቅ ይንተፋተፋል። ሲሞቅ ደግሞ ባዶ ቱቦዎቹ የሚረጩት ሙቀት የካርቡራተሩን ቤንዚን ያፈላዋል፤ ከፍታ ላይ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን ጣጣው እዚህ ይብሳል። በካርቡራተሩና በቱቦዎቹ መሐል ላሜራ ማስገባት ግድ ነው። ጽሑፉ ለካርቡራተር መኪና ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ማስፋት ይመክራል፤ ለቆላ ልክ ሊሆን ይችላል። ለባሕር ጠለል የተመጠነ ጂግለር ግን አዲስ አበባ ላይ ቀድሞውንም ቤንዚን አብዝቶ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የካንዴላው ቀለም ይታይ፤ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ማስፋት ማባባስ ነው።

ወደ ሲልከኑ ልመለስ። ቀዩ ሲልከን የሚችለው ሙቀት በመያዣው ላይ ከ300 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብሎ ተጽፏል፤ ከቴስታታው በር የሚወጣው ጭስ ከ600 በላይ ነው። ለጥቂት ቀን ይይዛል፣ ከዚያ ተቃጥሎ በቁራጭ ይወጣል። ከሲልከን የሚወጣው ትነት ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩን ጫፍ ይመርዘዋል። ጓርኒሲዮኑ የብረት ንብብር ያለው፣ ለዚያው ሞተር የተቆረጠ ይሁን፤ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ላይ የሞተሩን ኮድ ይዞ የሄደ ሰው ለአብዛኞቹ ቶዮታዎች አያጣም። ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ በር በበር ማስተያየት ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ወደ በሩ ውስጥ ገባ ያለ ከሆነ ሄደሩ ሊሰጥ የነበረውን ጥቂት ጥቅም እሱ ይወስደዋል።

ጓርኒሲዮን ብቻውን አያሽግም። ርካሽ ሄደር ሲበየድ ጠርዙ ይጣመማል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ጠርዙ ላይ አጋድሞ በሥሩ ስፔሶሜትር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) መሞከር ነው፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወደ ቶርኒቶሪ (የብረት መቅረጫ ሠራተኛ) ወስዶ ማስላጥ ይሻላል። አዲስ ዳዶ፣ ጥርሱ ላይ ጥቂት የመዳብ ቅባት። ማጥበቅ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፤ ለኤም 8 ከ20 እስከ 27፣ ለኤም 10 ወደ 35 ኒውተን ሜትር፣ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካላለ በቀር። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በቀዝቃዛው፣ እንደገና ይፈተሽ። ጠዋት ሲነሳ «ጢቅ ጢቅ» ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ የሞተር ሕመም ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ሲሰፋ የሚዘጋ ቀዳዳ ነው። በበሩ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ይፈለግ።

«ኮምፒውተሩ ይለምደዋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ለትንሽ ለውጥ ያስተካክላል። ግን የሚያስተካክለው ሴንሰሩ የነገረውን አምኖ ነው። ማኒፎልዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ በጭሱ ግፊት መሐል በሚፈጠረው ስበት የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ «ቤንዚን አንሷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ይጨምራል። ነዳጅ ለመቆጠብ የተገጠመ ሄደር ነዳጅ የሚያስበላው እንዲህ ነው፤ ቼክ ኢንጅኑ በርቶ ፒ0171 (ቤንዚን አንሷል የሚል የብልሽት ኮድ) የሚነበበውም ለዚህ ነው። ሴንሰሩ ወደ ታች ሲዛወር ደግሞ ማሞቂያ የሌለው ባለ አንድ ገመድ ዓይነት ከሆነ ሥራ ላይ የሚያደርሰውን ሙቀት አያገኝም፤ ባለ አራት ገመድ ማሞቂያ ያለው ይቀየርለት። ካታላይዘሩ ከማኒፎልዱ ጋር አንድ ላይ በተሠራባቸው ሞዴሎች ላይ ሄደር መግጠም ካታላይዘሩን ማውጣት ነው፤ ሁለተኛ ሴንሰር ካለ ፒ0420 (ካታላይዘሩ በቂ አይሠራም የሚል ኮድ) ይከተላል። መብራቱ ሁልጊዜ ከበራ ደግሞ ሌላ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ አይኖርም። የሚወጣው ጭስ የሚሸተው ለሰፈሩ ሁሉ መሆኑን ሳንቆጥር ማለት ነው።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዝ ያለው ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ይለካ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሄደር የታሰበው መሪው ቀኝ ለሆነ መኪና ነው፤ የመሪው ዘንግ በግራ በኩል ሲያልፍ ቱቦው ሊነካው ይችላል። ሞተሩ በጎማ መያዣው ላይ ስለሚወዛወዝ ቆሞ ያልነካ ነገር ሲነዳ ይነካል፤ በየአቅጣጫው ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። በሄደሩና በቀሪው ማርሚታ መሐል የሚተጣጠፍ ቱቦ ከሌለ ያ ውዝዋዜ በጥቂት ወራት ብየዳውን ይሰነጥቀዋል።

ጽሑፉ መኪናውን በክሪክ አንስቶ በድንጋይ መደገፍ ይበቃል ይላል። አይበቃም። ድንጋይ ከሥሩ ሊንሸራተት ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ግቢዎቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ተዳፋት ናቸው። ሁለት የብረት መቆሚያ፣ የኋላ ጎማ ላይ ታኮ (ማገጃ)፣ የእጅ ፍሬን። ሥራው አልቆ ሞተሩ ሲሞከርም በሩ የተዘጋ ጠባብ ግቢ ውስጥ አይሁን። በተዘጋ ክፍል ሰው የሚገድለው የከሰል ጭስና ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ጋዝ ናቸው፤ አይሸትም። አዲስ ሄደር በመጀመሪያው ሙቀት ከቀለሙና ከዘይቱ የሚያጨሰው ነጭ ጭስ የተለመደ ነው፣ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይቆማል፤ ካልቆመ ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታ ይፈለግ።

የውሃ ቧንቧው ጉዳይ ላይ በያጆቻችን እጅ ላይ ጥርጥር የለኝም፤ ከምናለሽ ተራ በተለቀመ ብረት ተዓምር የሚሠሩ አሉ። ችግሩ ዕቃው ነው። የውሃ ቧንቧ ዚንክ ተለብጧል፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ያሳምመዋል፣ ማታውን ብርድ ብርድ ያሰኘዋል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ክብደቱ ጓርኒሲዮኑን ይጎትታል፤ መታጠፊያው በክርን ተቀጣጥሎ ስለሚሠራ ውስጡ በብየዳ ቅሪት ይሞላል። በያጅ ማሠራት የፈለገ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ያልተለበጠ ቱቦና በማሽን የታጠፈ ክርን ይስጠው፤ ጠርዙ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ብየዳው እስኪያልቅ በአሮጌ ቴስታታ ወይም በወፍራም ላሜራ ላይ ታስሮ ይቆይ። ያኔ አይጣመምም። ጽሑፉ ቱቦውን ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ መጠቅለልም ይመክራል፤ የኮፈኑን ሙቀት ይቀንሳል፣ እሱ ላይ እንስማማለን፤ ግን ዝገት የማይዘው ብረት ካልሆነ ጨርቁ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ቱቦውን ይበላዋል።

ስለ ቆራሌው አንድ ነገር። አሮጌው ማኒፎልድ አይሸጥ። ቤንዚን መኪና ከውጭ ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ ያለው መኪና ረጅም ዕድሜ ይቆያል፤ ዕቃውም እየቀነሰ ይሄዳል። ለዓመታዊው ምርመራ መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መኪናውን የሚገዛ ሰውም ይጠይቀዋል። ሙቀት መከላከያ ላሜራው፣ ጤነኛዎቹ ዳዶዎች፣ ካታላይዘሩና ሴንሰሩ ከነገመዱ አብረው በአንድ ካርቶን ይቀመጡ፤ የስታዶቹ ርዝመት ስለሚለያይ የትኛው ከየት እንደወጣ ካርቶኑ ላይ ይጻፍ።